ቤት ሊያዩ የመጡ እንግዶች

ሰው ቤትህን ሊያይ ይመጣል ሲሉህ ምን ታደርጋለህ? ታጸዳለህ። ትጠርጋለህ፣ ትወለውላለህ፣ ዓይን የሚወጋውን ሁሉ አልጋ ሥር ትሸጉጣለህ። ውባንቺም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለባትም። ታዲያ ይህቺው ጽዳት ባሏን ልታሳጣት ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ውባንቺና ወልደጻድቅ የሚኖሩት ለሚ ኩራ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ፣ ምድር ላይ ባለች ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል፤ እሱማ ሰባንም ሳይሻገር አይቀርም። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እሷ በደጉ ጊዜ ገርጂ ላይ ቁርስ ቤት ነበራት፤ የሷን ፍርፍር ያልቀመሰ የታክሲ ሹፌር፣ ያልቀመሰ ረዳት የለም። እሱ ግንበኛ ነበር። «ቦሌን የገነባኋት እኔ ነኝ» ይላል። ማጋነኑ ነው እንጂ ጨርሶ ውሸትም አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያልፉ «ያቺን ግድግዳ አየሻት? የኔ ናት» ሳይላት ቀርቶ አያውቅም።

ኋላ ቁርስ ቤቱ ለመንገድ ፈረሰ። እሱንም ወገቡ ከዳው። የቀረውን ዕቃ አንድ ባንድ እየሸጡ በሉት፤ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ከዚያ ሶፋው፣ ከዚያ ቁምሳጥኑ፣ በመጨረሻ የወልደጻድቅ ደህናው ኮት። ጎረቤት ኑሮ እንደጠበበባቸው ቢጠረጥርም ጠልቆ አያውቅም፤ ውባንቺ ሰው ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጅ ላይ ነው የምታጫውተው። ገበና መሸፈን ትችልበታለች።

አምና የወልደጻድቅ ሽንት ዘጋ። ሆስፒታል ሲወስዱት ፕሮስቴት ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ተራ ጠብቁ ተባለ። እስከዚያው ቱቦ ገባለት፤ ከቱቦው ጫፍ የሽንት ከረጢት ይንጠለጠላል። ያንን የመሰለ ኩሩ ሰው፣ በመቶ ሠራተኛ ላይ ሲያዝ የኖረ፣ ከረጢቱን ከነቱቦው ሱሪው ውስጥ ሸሽጎ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ከቤት መውጣት አቆመ። ምነው ጠፋህ ያለውን ሰው ሁሉ «ወገቤን ነው» ይለዋል።

አሁን ተራው ደረሰ። በሚመጣው ሳምንት፣ እስከ ማክሰኞ፣ የታደሰ የጤና መድን ካርድ ይዘው ካልቀረቡ ግን አልጋው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። ነርሷ ውባንቺን ለብቻዋ ጠርታ፣ «እማማ፣ ይሄ ቱቦ ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊታቸው ከወጣ እኛም አንደርስላቸውም» ብላታለች። ካርዱ ደግሞ አልታደሰም። መዋጮ ከፍሎ ካርድ የሚታደስበት ወር ሲመጣ እጃቸው ላይ የነበረው ገንዘብ ለቱቦና ለመድኃኒት አልቆ ነበር። የቀረው በር አንድ ብቻ ነው፤ አቅም የሌላቸውን አረጋውያን ወረዳው ራሱ ይሸፍንላቸዋል። ለዚያ ግን የብሎኩ ኮሚቴ ቤት መጥቶ ኑሮን ማየት አለበት፤ ከዚያ ስም በነዋሪ ፊት ይነበባል።

ዳናይት የምትባለዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ለሰፈሩ አዲስ ናት፣ በሩ ላይ ቆማ፦

«እማማ፣ ሐሙስ ከሰብሳቢው ጋር ኑሯችሁን ልናይ እንመጣለን። እባክዎ ምንም እንዳይዘጋጁ» አለቻት።

ምንም እንዳይዘጋጁ! እንግዳ ሊመጣ ለጉራጌ፣ ለቸሃ ልጅ እንዲህ ይባላል? ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ውባንቺን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ በማግስቱም ሥራ አልያዝላት አለ። ቤቱን ዞራ አየችው። አንድ አልጋ፣ አንድ ዱካ፣ የውሃ ጀሪካን፣ እግሩ በገመድ የታሰረ ጠረጴዛ። እዚህ ላይ ነው እንግዳ የሚቀመጠው? ልቧ «አንቺ ሴትዮ፣ ድሃ ነኝ ልትይ አይደለም እንዴ?» ሳይላት አልቀረም። ብሏታል። ግን ገርጂ እያለች ቁርስ ቤቷን ሊያዩ ስንት ተቆጣጣሪ መጥቷል! ሁሉም የታጠበውን ወለል፣ የነጣውን ጨርቅ አይቶ፣ ቀምሶ፣ «ጎሽ፣ ይሄ ነው ቤት» ብሎ አሳልፏት ነው የሄደው። ሊያዩ የመጡ ሰዎች ፊት ቤት ካማረ ነገር ይቃናል፤ በዕድሜዋ የተማረችው ይህን ነው። ደግሞስ ባዶ ቤት አሳይቶ «እዩልኝ» ማለት ልመና አይደለም?

ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ የሀቢባን በር አንኳኳች። ሀቢባ የስልጤ ልጅ ናት፣ መገናኛ የልብስ ሱቅ አላት፤ አፏ ፈጣን፣ እጇ ከአፏ የፈጠነ።

«ሀቢባዬ፣ ሐሙስ ትልቅ እንግዳ ይመጣብኛል። ሶፋሽን ለግማሽ ቀን…»

«ይውሰዱት እንጂ እትዬ! ለእርስዎ ያልሆነ ሶፋ ምን ሊሠራልኝ ነው? ማን ነው እንግዳው?»

«የሩቅ ሰው ነው» አለች ውባንቺ፣ ዓይኗን ደረጃው ላይ ተክላ።

ከሀቢባ ፊት ለፊት ከሚኖሩት የትግራይ ሰዎች፣ ከለተብርሃን ደግሞ ቴሌቪዥንና ባለ አበባ ሳህኖች ተዋሰች። የለተብርሃን ባል አቶ ፀጋዘአብ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ነገሩን ሰምተው ምንም ሳይጠይቁ ግራጫ ኮታቸውን ከመስቀያው አውርደው ሰጧት። «ለወልደጻድቅ ልክ ይሆነዋል» ብቻ ነው ያሉት።

ሐሙስ ደረሰ። ሥጋው ከየት መጣ አትበሉኝ፤ የጨነቃት ሴት ባለ ሉካንዳውን በምላሷ አቅልጣ በዱቤ ታወጣለች። ክትፎው ተለወሰ፣ አይቡ ከጎመን ጋር ቀረበ፣ ቆጮው ተቆረሰ። ቴሌቪዥኑ ያወራል። ወልደጻድቅ ኮቱን ግጥም አድርጎ ሶፋው ላይ ተሰይሟል። ከረጢቱን ከኮቱ ሥር፣ በጎኑ፣ በመቀነት አስራለታለች። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰው መስሎ አላየችውም ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ ደስ አላት።

ወንድወሰን የሚባለው የኮሚቴ ሰብሳቢ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያየውን የሚያምን፣ ያላየውን የማይጠይቅ ዓይነት ነው። ገባ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ፣ ሶፋው ላይ ሰጠም አለ።

«እሺ አባባ» አለች ዳናይት መዝገቧን ከፍታ፣ «ጤናዎ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!»

ውባንቺ ምድጃው አጠገብ ሳህን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

«የሚያምዎት ነገር የለም?» ዳናይት አልተወችውም። «መድኃኒት፣ ክትትል፣ ምናምን?»

«ወገቤን ትንሽ ነበር። አሁንማ ተሽሎኛል። ተመስገን ነው፣ ምን እላለሁ!»

ምን ይበል? አርባ ዓመት ሙሉ ሰው «እንዴት ነህ» ሲለው የመለሰው ይህንኑ ነው። ግድግዳ ተንዶበት ሁለት ጎድኑ የተሰበረ ጊዜ እንኳን ቃሬዛ ላይ ተኝቶ «ደህና ነኝ» ብሏል። ደግሞ ፊቱ የተቀመጠችው ልጅ እግር ሴት ናት፤ ስለ ቱቦው ለሷ ሊያወራ ነው? ውባንቺ «ኧረ ሞቷል! ከኮቱ ሥር እዩ!» ብላ መጮህ ቃጣት። ግን ባሏን በሰው ፊት መግለጥ ገላውን ማራቆት ሆነባት። ከንፈሯን ነከሰችና ሳህኑን አቀረበች።

በሉ። ወንድወሰን ደጋግሞ ጎረሰ። ሲወጣ እጁን ዘርግቶ መረቀ፦

«ቤታችሁ አይጉደልባችሁ! የሞላ ቤት ነው፤ ስንት ባዶ ቤት አየን መሰላችሁ ዛሬ።»

ምርቃቱ ፍርድ መሆኑ የገባት በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። ዞራ ሶፋውን አየችው፣ ቴሌቪዥኑን አየችው፣ ከዚያ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ፦

«ወልዴ፣ ምን አደረግን?» አለች።

«ምን አደረግን? እንግዳ ተቀበልን» አለ እሱ፣ ኮቱን እያወለቀ።

ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና ሳህኖቹ ያንኑ ቀን ተመለሱ። ኮቱ ብቻ ቀረ። የተዋሱትን ልብስ ሳያጥቡ መመለስ ነውር ነው።

እሑድ ጠዋት ስሞቹ ሊነበቡ ነው። ወልደጻድቅ ሲነቃ ፊቱ ግሏል፤ ግንባሩን ስትነካው እጇን አቃጠላት። ከረጢቱን ልትቀይርለት ብታየው ደም ቀላቅሏል።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን ነዋ! ቤቱ ባዶ ነው፣ ሰውየው ታሟል እላለኋ!»

«ውቤ፣ አደባባይ ወጥተሽ ሽንቴን ልታወሪ ነው?» ድምፁ ከወትሮው ቀጥኗል። «ስም ከመቃብር በላይ ነው። እኔ ለማኝ ሆኜ አልሞትም። ትሰሚኛለሽ? ከሄድሽ የኔን ቤት አትርገጪ።»

«ስምህን ከመቃብር በላይ አስቀምጬ አንተን ከታች ልቅበር?» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ የተናገረችው። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ኮሙናሉ፣ ማለት ነዋሪው ድግስ የሚያበስልበትና የሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንድወሰን ፊት ለፊት ከዳናይት ጋር ተቀምጧል። ማንበብ ጀመረ። አንድ ስም፣ ሌላ ስም። ከኋላዋ ያሉ ሴቶች «እሰይ» ይላሉ፣ ያጨበጭባሉ። አነበበ፣ አነበበና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይኸው ነው። ቅሬታ ያለው እጁን ያውጣ። ነገ ጠዋት ወረዳ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ብትመጡ እኔ የለሁበትም።»

እጇ በራሱ ተነሳ እንጂ እሷ ያነሳችው አይመስላትም።

«እትዬ ውባንቺ?» ወንድወሰን ደነገጠ።

ቆመች። ያ ሁሉ ዓይን ዞረባት። ስንቱን ሰው ስታበላ የኖረች ሴት፣ ሰርግ ቤት ወጥ ቀማሽ፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ ደራሽ፣ ዛሬ ለራሷ ልትጠይቅ ነው።

«የኛ ስም… የኛ ስም አልተነበበም።»

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ቤትዎን በዓይኔ አይቻለሁ። ሶፋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። ክትፎ በልቼ ነው የወጣሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ያሉት እኮ የሚቀምሱት የሌላቸው ናቸው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም ይሆናል፤ እሷን ግን አንጀቷ ድረስ ዘለቃት። መቀመጥ ትችል ነበር። ወንበሩ እዚያው ከኋላዋ ነው። ትቀመጥና ነገሩ ያልቃል፣ ስሟ ይተርፋል፣ ማክሰኞ አልጋው ለሌላ ይሰጣል።

«ሶፋው የኔ አይደለም» አለች።

«ማለት?»

«ቴሌቪዥኑም። ሳህኖቹም። ተውሼ ነው።» እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። «እንግዳ ይመጣል ስትሉኝ ጊዜ አፈርኩ። እኛ የለንም። ከሸጥነው ቆይቷል። ባሌ ታሟል፤ ደህና ነኝ ያላችሁ አመሉ ነው።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እንዲህማ ከሆነ ሁላችንም ሶፋችንን ተውሰነው ነው እንበላ!» ብሎ ጮኸ። ሌላም ደገመ። ወንድወሰን ጠረጴዛውን መታ።

«እትዬ፣ እርስዎ ባሉኝ ብቻ መለወጥ አልችልም፤ ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ዕቃው የማን ነው ታዲያ?»

ውባንቺ የሰው ስም ጠርታ፣ ያለ ፈቃዱ፣ እንዴት ትመስክርበት? ሀቢባ መካከል ላይ ተቀምጣ አፏን ይዛ ታያታለች። የሩቁ እንግዳ ማን እንደነበር አሁን ገና ገባት።

«የኔ ነው!» ሀቢባ ተነስታ ቆመች። «ሶፋው የኔ ነው! ቡናማ፣ የግራ መደገፊያው በሲጋራ የተቃጠለ። ወንድሜ ነው ያቃጠለው፣ አላህ ይይለት! ማየት የፈለገ ሦስተኛ ፎቅ ይምጣ!» ከዚያ ወደ ውባንቺ ዞረች። «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ሲባል አልሰሙም? ለእኔ እንኳን ይደብቁኛል?» ተቆጥታም ታለቅሳለችም።

«ቴሌቪዥኑ የኛ ነው» አለች ለተብርሃን ከተቀመጠችበት። «ሳህኖቹም የኛ ናቸው። ከሥራቸው ስሜ አለ፣ በጥፍር ቀለም ጽፌበታለሁ።»

ወንድወሰን ላቡን ጠረገ።

«እሺ፣ የዕቃውን ነገር ተቀበልኩ። ግን ሰውየውን ራሳቸውን ጠይቀናል፤ ዳናይት ጠይቃለች፤ ደህና ነኝ ነው ያሉት። ኮታቸውን ለብሰው፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጠው! የታመመ ሰው ይቀድማል ነው የተባልነው፤ ጤነኛ ነኝ ያለን ሰው በምን አፌ በሽተኛ ነው ልበል?»

ይህን ሲል በሩ አካባቢ ሰው መንገድ መልቀቅ ጀመረ። ውባንቺ ዞረች።

ወልደጻድቅ ነው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መጥቷል። ያንን ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ሰው ፊት የሚቀርብበት ሌላ የለውማ። ሊመልሳት ነው የመጣው፤ ፊቱን አይታ አወቀች። ነገር ግን በሩ ላይ ምን ያህል ቆሞ እንደነበር እንጃ። ሶፋው የኔ ነው ሲባል ሰምቷል። ሳህኑ የኔ ነው ሲባል ሰምቷል። ሚስቱ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዋን ቆማ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርቆ አይቷል።

ፊት ድረስ ቀስ ብሎ ሄደ። አቶ ፀጋዘአብ ከተቀመጡበት ወንበር አጠገብ ሲደርስ ቆመ፣ የኮቱን ቁልፍ አንድ ባንድ ፈታ። አወለቀው፣ ትከሻውን በትከሻው ላይ አጥፎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለ። «ታጥቧል።»

አቶ ፀጋዘአብ ተነስተው ተቀበሉት። ከኮቱ ሥር አሮጌ ሸሚዝ ነበር፣ ከሸሚዙ በላይ መቀነት፣ መቀነቱ ላይ የታሰረው ከረጢት። ቱቦው ከነደሙ ለሁሉም ታየ። የሳቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ውባንቺ ሮጣ ነጠላዋን ልታለብሰው ስትል እጁን ዘርግቶ ከለከላት።

ዳናይት ከመቀመጫዋ ተነሳች። አጠገቡ መጥታ፣ ቀስ ብላ፦

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስ…» አፉ በልማዱ ጀመረ። ቆመ። ወደ ውባንቺ አየ፣ ብዙ አያት።

«አሞኛል፣ ልጄ» አለ። «በጣም አሞኛል።»

ውባንቺ ይህን ቃል ከባሏ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳናይት ወንበሯን ሳበችለት፣ ደግፋ አስቀመጠችው፤ የስሞቹን ወረቀት ወደ ራሷ ስባም ስሙን ከነአባቱ ጠየቀችው።